ሱቁ ተዘግቷል፣ ፋይሉ ግን አልተዘጋም

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ስለሚል ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ወሬው ስለ ግብር ነው። የዘንድሮውን ግብር ማለቴ ግን አይደለም፤ ያለፉትን ዓመታት ነው። ሰው ሳያሳውቅ የዘለለውን፣ "እስካሁን ካልጠየቁኝ ረስተውታል ማለት ነው" ብሎ የተወውን።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ግብሩን ሳያሳውቅ አንድ ዓመት ካለፈው፣ ያንን በዚያው ዓመት ሊነገረው ይገባል ባይ ነኝ። አምስት ስድስት ዓመት ተቆይቶ፣ ሰውየው ለሌላ ጉዳይ በራሱ እግር ሲመጣ "ቆይ፣ ዕዳ አለብህ" መባል የለበትም። እኛም ደግሞ ዝም ማለትን እንደ መፍትሔ መያዛችንን ማቆም አለብን። ቢሮው ዝም፣ ሰውየውም ዝም፤ በመሃል ግን ቁጥሩ ዝም አይልም።

"አንተ መምህር ነህ፣ ግብርህ ከደሞዝህ ይቆረጣል፣ ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የእኛ የደሞዝተኞች ግብር እጃችን ሳይገባ ነው የሚሄደው። ለዓመታት ከ600 ብር በላይ ያለው ሁሉ ሲቆረጥበት ኖሮ፣ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን 2,000 ብር የገባው በ2017 ክረምት በወጣው ማሻሻያ ነው። መሥሪያ ቤታችን ቆርጦ ገቢ ያደርጋል፣ እኛ ፔሮል ላይ ፈርመን እንወጣለን። ሐምሌ ሲመጣ ሰልፍ የለብንም።

የሚያገባኝ በተማሪዎቼ በኩል ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ደሞዝተኛ አልሆኑም። ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ሞባይል ጥገና፣ ቡቲክ፣ ብረታ ብረት፣ ተደራጅተው ኮብልስቶን... የሂሳብ መምህር መሆኔን ስለሚያውቁ ከግብር ቢሮ ወረቀት ሲደርሳቸው ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። "ቲቸር፣ ይቺ ቁጥር ከየት መጣች?" ይሉኛል። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ያለ ፎቶ ብዙ መጥቶልኛል፤ ታሪካቸው ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ነው የሚመስለው።

አንዱን ልንገራችሁ። ልጅቷ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟንና ሰፈሯን ግን አልጠራም። በ2010 እዚሁ አዲስ አበባ ትንሽ ቡቲክ ከፈተች። ቲን አወጣች፣ ንግድ ፈቃድ አወጣች፣ ደረጃ ሐ ሆነች። በሐምሌ 2010 የመጀመሪያ ግብሯን ከፈለች፣ ደረሰኙም አለ። ሥራው ግን አልሄደላትም። ኪራይ ተጨመረ፣ ዕቃ አልወጣ አለ፣ ኅዳር 2011 ላይ ቁልፉን ለአከራይዋ መለሰች። ጥር ላይ አረብ አገር ሄደች። ሱቅ ተዘጋ ማለት ለእሷ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር። ማን ይፈርድባታል? የተዘጋ ሱቅ ምን ይሸጣል?

በ2016 ተመለሰች። ስንት ዓመት የሰው ቤት አጽድታ ባጠራቀመችው ብር ፀጉር ቤት ልትከፍት አሰበች። ቤት አገኘች፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈለች፣ ፈቃድ ልታወጣ ሄደች። "የግብር ክሊራንስ አምጪ" ተባለች። ክሊራንስ ልትጠይቅ ስትሄድ ነው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የተነገራት፦ ከ2011 እስከ 2015 ያላሳወቀችበት አምስት ዓመት። ለእያንዳንዱ ዓመት በግምት የተሰላ ግብር፣ በላዩ ላይ ቅጣት፣ በላዩ ላይ ወለድ። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ዓመታት አብዛኛውን እሷ አገር ውስጥ አልነበረችም። የቡቲኩ ቤት ራሱ ከ2011 ጀምሮ በሌላ ተከራይ እጅ ምግብ ቤት ሆኗል።

እዚህ ላይ ሕጉን እንየው። ቢሮው ይህን ከኪሱ አላወጣውም። በ2008 የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ያላሳወቀን ሰው ግብር ባለው መረጃ ተነሥቶ በግምት እንዲያሰላ ለባለሥልጣኑ ሥልጣን ይሰጠዋል። ግምቱ ስህተት ነው ከተባለ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነው። ምንም ግብር የማይወጣበት ዓመት እንኳ ቢሆን አለማሳወቅ ለብቻው ቅጣት አለው። ፈቃድ አለማደስም ፈቃድ መመለስ አይደለም። ሥራ ያቆመ ሰው ማቆሙን ማሳወቅና ምዝገባውን ማሰረዝ አለበት። ያላሰረዘ ሰው፣ በሩ ላይ ሌላ ታፔላ ተሰቅሎም ቢሆን፣ በቢሮው መዝገብ ነጋዴ ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚያድግ ደግሞ በቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ፤ የለመደብኝ ሥራ ነውና። የአንድ ዓመት ግብር 3,000 ብር ነው እንበል። በዚያው አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት ግብር ዘግይቶ ሲከፈል ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ ቅጣት አለ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይጨመራል። ስለዚህ፦

አንድ ወር ሲዘገይ 5 በመቶ፣ ማለትም 150 ብር።
አሥራ ሁለት ወር ሲሞላው 5 ሲደመር 22፣ ማለትም 27 በመቶ፣ 810 ብር።
ሠላሳ ስድስት ወር ሲሆን 5 ሲደመር 70፣ ማለትም 75 በመቶ፣ 2,250 ብር።

ይህ የመዘግየት ቅጣቱ ብቻ ነው። ያላሳወቁበት ቅጣት ለብቻው ይመጣል። ወለዱም ለብቻው ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ከባንክ ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ በላይ ሆኖ ነው በሕግ የተቀመጠው። አሁን ይህን በአምስት ዓመት አባዙት። ልጅቷ በመጀመሪያው ዓመት ብታውቅ ኖሮ የአንድ ወር ኪራይ በማይሞላ ብር የምትጨርሰው ነገር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ልትከፍተው ላሰበችው ፀጉር ቤት የገዛችውን ወንበርና መስታወት ሁሉ የሚበላ ሆነ።

ቅጣት አይኑር እያልኩ አይደለም። ቅጣት የሌለው የጊዜ ገደብ ገደብ አይደለም፤ ፈተና የማያርም መምህር ማለት ነው። ጥያቄዬ ቅጣቱ ምን ያስተምራል የሚል ነው። ቅጣት የሚያስተምረው ሰው ሲያውቀው ነው። ሳያውቀው ለአምስት ዓመት ሲጠራቀም የቆየ ቅጣት ማንን ያስተምራል? ልጅቷ በየወሩ 2 በመቶ እየተጨመረባት መሆኑን አታውቅም፤ ስለዚህ በየወሩ ምንም አልተማረችም። የተማረችው በመጨረሻው ቀን ነው፣ እሱም "ቢሮ አትሂጂ" የሚለውን ትምህርት ነው።

ከእኔ ሥራ ምሳሌ ልስጣችሁ። የክፍል ኃላፊ ወይም በተለምዶ ሆምሩም የምንለው መምህር በየቀኑ ስም ይጠራል። ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር ወላጅ ይጠራል። ስልክ ይደወላል፣ ካልተገኘ የጎረቤት ልጅ ይላካል። አሁን አንድ ሆምሩም ስም በየቀኑ እየጠራ፣ ቀሪ ቀሪ እያለ እየመዘገበ፣ ለማንም ሳይናገር ዓመቱን ቢጨርስና ልጁ ካርድ ሊወስድ ሲመጣ "መቶ ቀን ቀርተሃል፣ ካርድ የለህም" ቢለው ምን ትሉታላችሁ? ልጁ አጥፍቷል፣ አዎ። መምህሩ ግን ስም የጠራው ለምን ነበር? ስም የሚጠራው እኮ የቀረውን ለማምጣት ነው። መዝገቡ የተያዘው ለመጨረሻው ቀን ብቻ ከሆነ መዝገብ ሳይሆን ወጥመድ ነው።

የግብር መዝገብም እንደዚያ ነው። ሐምሌ ሲገባ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ በየመንገዱ የሚዞረው ሞንታርቦ ያለው መኪናም "የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች እስከ ሐምሌ 30" ይለን ነበር። ጥሩ ነው። ግን ይህ ለሚመጣው ሰው ነው። ያልመጣውን ማን ጠራው? የጊዜ ገደቡ ባለፈ ማግስት ኮምፒውተሩ ማን እንደቀረ ያውቃል። ቲን ስናወጣ አሻራችንን ሰጥተናል፣ ስልካችንን ሞልተናል። ባንክ 50 ብር ስናወጣ መልእክት ይልክልናል። ቴሌብር ካርድ ስንሞላ መልእክት ይልክልናል። "የ2011 ግብርዎን አላሳወቁም፣ ሥራ አቁመው ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ያመልክቱ" የሚል አንድ መስመር መልእክት መላክ ምን ያህል ይከብዳል?

አንዳንድ ወዳጆቼ የሚሉትን አውቃለሁ። አንደኛው "ሕግ አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም" ነው። ልክ ነው፣ አያድንም። ግን ይህ አባባል ፍርድ ቤት የሚሠራ ነው፤ አስተዳደር በእሱ ብቻ አይመራም። ያላወቀውን ማሳወቅ የቢሮው ሥራ አይደለም የሚል ሕግ ደግሞ የለም። ሌላው "ሠራተኛው ስንቱን ይጥራ፣ ሰው በሰው ላይ ነው" የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። በግብር ቢሮዎች የሚሠሩ የድሮ ተማሪዎች አሉኝ፣ ሐምሌ ላይ ምሳ እንደማይበሉ አውቃለሁ። ግን አስቡት፣ የቀረውን በመጀመሪያው ዓመት መጥራት ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በመጀመሪያው ዓመት የአሥር ደቂቃ ጉዳይ የሆነው ነገር በአምስተኛው ዓመት የቅሬታ አጣሪ፣ የኮሚቴ፣ የቃለ ጉባኤ ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛውን ክርክር ግን አከብረዋለሁ። እሱም "እኔ በየሐምሌው ተሰልፌ የከፈልኩት ምን ልሁን?" የሚለው የጎረቤት ነጋዴ ነው። ይህ ሰው ሞኝ መስሎ እንዲታይ አልፈልግም። ለዚህ ነው "ዕዳው ሁሉ ይሰረዝ" የማልለው። በ2012 በኮሮና ጊዜ መንግሥት እስከ 2007 ድረስ የነበረ ውዝፍ ግብር እንዲሰረዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ደግሞ ፍሬ ግብሩን ለሚከፍሉ ወለድና ቅጣቱ እንዲነሳ ወስኖ ነበር። ጊዜው የጭንቅ ነበር፣ ውሳኔውም ብዙ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምሕረት ሲደጋገም ሰው ግብሩን ከመክፈል ቀጣዩን ምሕረት መጠበቅ ይለምዳል። ሁለተኛ፣ ልጅቷ የ2011 ዕዳዋ በዚያ ምሕረት ውስጥ ይገባ ነበር። ግን ዕዳ እንዳለባት አታውቅም፣ አገርም ውስጥ አልነበረችም። ዕዳውን የማያውቅ ሰው ምሕረቱን እንዴት ይጠይቃል? በምሕረቱ የተጠቀመው ዕዳውን እያወቀ የተቀመጠው ሰው ነው። ያላወቀችው ቀረች። ስለዚህ ከምሕረት ይልቅ በጊዜው መንገር ለሁሉም ይሻላል፦ ለቢሮውም፣ ለባለዕዳውም፣ በሐምሌ ለሚሰለፈው ጎረቤትም።

በግምት የሚሰላ ግብር ምን ያህል ሰው እንደሚያስቆጣ ደግሞ ከ2009 ክረምት በላይ ምስክር አያስፈልግም። የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ የነበረውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። በኦሮሚያ በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር። ያኔ ሱቁ ቆሞ፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ፣ ገማቹ ገብቶ በዓይኑ እያየ ነበር ያ ሁሉ ክርክር። ሱቁ በሌለበት፣ ባለቤቷ ባሕር ማዶ ባለችበት የሚወጣ ግምትማ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱት።

ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ መጨረሻዋን ሳልነግራችሁ አልለፍ። አብሬያት ሄድኩ። ባለሙያዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። "እህቴ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው የሚያወጣው፣ ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ" አለቻት፤ ትክክለኛ ምክር ነበር። በር ላይ የቆመ ሌላ ሰው ደግሞ "በስምንት ሺህ ብር እጨርስላችኋለሁ" አለን። ትተነው ሄድን። ቅሬታው በጊዜው ገባ። ፓስፖርቷ ላይ ያለውን የመውጫና የመግቢያ ማህተም አያያዝን። የቀድሞ አከራይዋ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከቀጣዩ ተከራይ ጋር ያደረጉትን የ2011 የኪራይ ውል ኮፒ ሰጡን። የ2010 ደረሰኟም ነበር። አራት ወር ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ ያልነበረችባቸው ዓመታት ተነሡላት። የ2011 ጥቂት ወራት ግብርና የተወሰነ ቅጣት ቀረባት፤ እሱንም በየወሩ ልትከፍል ተስማማች፣ እየከፈለችም ነው።

ጥሩ መጨረሻ ነው ትሉ ይሆናል። ግን በእነዚያ አራት ወራት የያዘችው ቤት አምልጧት ለሌላ ሰው ተከራየ። የከፈለችው ቅድሚያ ግማሹ አልተመለሰም። በዚያ ላይ እሷ የሚጽፍላት፣ አብሯት የሚሄድ ሰው ነበራት። የሌላቸውስ? በር ላይ ላለው ሰው ስምንት ሺህ ይሰጣሉ፣ ወይ ሐሳባቸውን ትተው ይቀመጣሉ፣ ወይ በወንድም ስም ፈቃድ አውጥተው ይሠራሉ። ሦስቱም ለመንግሥት ኪሳራ ነው። ልታመጣው የምትችለውን ግብር ከፋይ ያለፈውን እያስፈራራህ ታባርራለህ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ለናንተ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ከፋይል ጋር ስመላለስ ያየሁትንና አዋጁን አንብቤ የገባኝን ነው የምነግራችሁ። ክልል ያላችሁ የየክልላችሁ አዋጅ ስላለ የናንተን አረጋግጡ፣ በአብዛኛው ግን ተመሳሳይ ነው።

1ኛ፦ ሱቅ ስትዘጉ ፈቃዱን በሥርዓት መልሱ፣ መመለሳችሁን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበሉ። ቁልፍ ለአከራይ መመለስ ለቢሮው ምንም ማለት አይደለም።

2ኛ፦ ሥራ ባይኖርም፣ ኪሳራ ቢሆንም፣ ፈቃዱ በስማችሁ እስካለ ድረስ በየዓመቱ አሳውቁ። "ምንም አላገኘሁም" ማለትም ማሳወቅ ነው።

3ኛ፦ የግብር ውሳኔ ወረቀት ሲደርሳችሁ የደረሳችሁን ቀን ላዩ ላይ ጻፉ። ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ከዚያ ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው። በቃል የተነገረ ቅሬታ ቅሬታ አይደለም፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ገቢ ሲሆን ኮፒው ላይ ማህተም አስደርጉ። በቅሬታው ውሳኔ ካልተስማማችሁ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል፣ ግን አዋጅ ቁጥር 983 እንደሚለው ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ማስያዝ አለባችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያዋን 21 ቀን አትቀልዱባት።

4ኛ፦ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። በየዓመቱ ተለይቶ ፍሬ ግብሩ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ ወለዱ ስንት እንደሆነ በዝርዝር ጠይቁ። ድምር ያስፈራል፣ ዝርዝር ያነጋግራል። ያለፉት ዓመታት የሚሰሉት በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መሆኑንም አትርሱ፤ በ2017 የተሻሻለው አዋጅ የ2011ን ግብር አይቀንስላችሁም፣ አይጨምርባችሁምም።

5ኛ፦ ማስረጃ ሰብስቡ። ፓስፖርት፣ የኪራይ ውል፣ የሕክምና ወረቀት፣ የመብራት ቆጣሪ የተዘጋበት፣ ተቀጥራችሁ ከነበረ የደሞዝ ማስረጃ። የማስረዳት ሸክሙ የናንተ ስለሆነ "ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል" የሚለው አይሠራም።

6ኛ፦ ፍሬ ግብሩን አምናችሁ ቅጣቱ እንዲነሳላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ በመመሪያ የሚታይ ነገር ነው። አንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁም በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ጠይቁ። ለምኑ አላልኩም፤ ሕጉ ላይ ያለ ነው።

7ኛ፦ ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ አሜሪካ፣ እስራኤል ያላችሁ ልጆቼ፦ እዚህ በስማችሁ የተከፈተ ፈቃድ ካለ ዛሬ አስቡት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ልካችሁ እናት፣ ወንድም፣ የምታምኑት ሰው እንዲያዘጋላችሁ አድርጉ። ስትመለሱ ብሩን ለምትፈልጉት ሥራ ታውሉታላችሁ።

8ኛ፦ በር ላይ ለሚቆመው ሰው አንድ ብር አትስጡ። የሚሠራላችሁ ነገር ካለ እናንተም በነፃ ልትሠሩት የምትችሉት ነው፤ የማትችሉት ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነው።

መምህራን ባልደረቦቼም አላመለጣችሁም። ሰርቪስ ቤት የምናከራይ ጥቂት አይደለንም። የኪራይ ገቢ ከደሞዝ የተለየ ግብር አለው፤ "ከደሞዜ ተቆርጧል" አይባልም። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ሒሳብ የማይዝ ሰው ከኪራዩ 50 በመቶው በወጪ ተይዞለት ነበር ግብሩ የሚሰላው። ስለዚህ ሰው የሚፈራውን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሳይነገር ሲጠራቀም ነው።

ለትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር ልበል። የዜግነት ትምህርት መጽሐፍ ላይ ግብር መክፈል የዜጋ ግዴታ መሆኑ ተጽፏል። ጥሩ። ከሥሩ ግን ሁለት ገጽ ቢጨመር እወዳለሁ፦ ቲን ምንድን ነው፣ ፈቃድ እንዴት ይመለሳል፣ ውሳኔ ሲደርስህ በስንት ቀን ቅሬታ ትጽፋለህ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ከሚወጣ ልጅ ብዙው በጥቂት ዓመት ውስጥ እዚያ መስኮት ፊት ይቆማል። የቅጣቱን ስሌት እኔ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ በመቶኛ ምዕራፍ ላይ እንደ መልመጃ እየሰጠሁት ነው፤ ልጆቹ ከሌላው መልመጃ ሁሉ እሱን በደንብ ነው የሚከታተሉት።

ለሚመለከታቸው የቢሮ ሰዎች የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ያነበባችሁ ተማሪዎቼ ውስጥ ካላችሁ በስብሰባ ላይ አንሡልኝ። ያልመጣውን በመጀመሪያው ነሐሴ ጥሩት። መልእክት ላኩ፣ ደውሉ፣ ካልተገኘ ወረዳው ሱቁ መኖር አለመኖሩን ይይ። ከአገር መውጣቱ ወይም ሱቁ ሌላ ሰው መያዙ በወረቀት ከተረጋገጠ ፋይሉን ለመዝጋት አራት ወር አይፍጅ። የሚቀጣውን ቅጡ፣ ግን መቀጣቱን ይወቅ። ሰው የሚያውቀውን ዕዳ ይከፍላል፣ ይከራከራል፣ ይለምናል። የማያውቀውን ዕዳ ግን ምንም ሊያደርገው አይችልም።

እናንተም በቤተሰባችሁ ውስጥ "ያ ሱቅ እኮ ድሮ ተዘግቷል" የሚባልለት ሰው ካለ፣ ፈቃዱን መልሶ እንደሆነ ዛሬ ማታ ጠይቁት። ካልመለሰ ነገ ይሂድ፤ ከነገ ወዲያ ሌላ ወር ሊሆን ይችላል፣ አንድ ወር ደግሞ 2 በመቶ ነው።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት። ጥያቄ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉ። የግብር ወረቀታችሁን ግን ቲን ቁጥሩ እየታየ ኮመንት ላይ እንዳትለጥፉ፣ አደራ።